ካፒቴን ማሪያትና የነጋዴ መርከቦች ባንዴራ

አንድ የጭነት መርከብ ወደ ምጽዋ ወይም ወደ አሰብ ሲቃረብ ቢጫ ባንዴራ ቢሰቅል፥ በውስጡ በሽታ አለመኖሩንና ወደ ወደቡ ለመግባት ፈቃድ መጠየቁን ያስታውቃል። ቀይ ቢሰቅል አደገኛ ጭነት ይዟል ማለት ነው። ዙሪያው ሰማያዊ፥ መካከሉ ነጭ የሆነውን በወደብ ላይ ሲሰቅል ደግሞ መርከቡ ሊነሣ ነውና ተጓዡ ሁሉ ይግባ ማለቱ ነው፤ ያልተዘጋ ሒሳብ ያለውም ነጋዴ ቢፈጥን ይሻለዋል። ይህን የመሰለ ቋንቋ ለነጋዴ መርከቦች እንዲዳረስ መሠረቱን ከጣሉት ሰዎች ዋናው እንግሊዛዊው የባሕር ኃይል መኮንን ፍሬድሪክ ማሪያት ነው።

ማሪያት በለንደን ከተማ በጁላይ 10 ቀን 1792 ተወለደ፤ እዚህ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። አባቱ ጆሴፍ ማሪያት ባለጸጋ ነጋዴ፥ የፓርላማ አባልና የሎይድስ የመርከብ ዋስትና ማኅበር ሊቀ መንበር ነበረ። ሀብቱም ከምዕራብ ሕንድ ደሴቶች ንግድና ከባሮች ድካም የተገኘ መሆኑ ሳይነገር ሊታለፍ አይገባም። ልጁ ግን የንግድ ቤቱን አልወደደም፤ ወደ ባሕር ለመሄድ ከትምህርት ቤት ደጋግሞ ከጠፋ በኋላ በ1806፥ በ14 ዓመቱ፥ በሎርድ ኮክሬን ትእዛዝ ሥር በነበረው ኢምፔሪዩዝ በተባለው የጦር መርከብ ገባ። በውኃ የሰጠሙ ሰዎችን ለማዳን ከአንድ ጊዜ በላይ ከመርከብ ዘሎ ስለ ገባ ሜዳይ ተሸልሟል።

የናፖሊዮን ጦርነት በ1815 አበቃ፤ ባሕሩም ለነጋዴ ተከፈተ። የጦር መርከቦች የየራሳቸው የምልክት መጽሐፍ ነበራቸው፤ የነጋዴ መርከቦች ግን ሁሉም የሚስማማበት መጽሐፍ አልነበራቸውም። ማሪያት በ1817 ያሳተመው መጽሐፍ ይህን ጉድለት ሞላ። አሠራሩ ቀላል ነው። ለአሥሩ ቁጥሮች አሥር ባንዴራ ተመደበ፤ ለመርከቦች ስም፥ ለወደቦች፥ ለመብራት ማማዎች፥ ለዓረፍተ ነገሮችና ለቃላት ቁጥር ተሰጠ። አዛዡ የሚፈልገውን ከመጽሐፉ አውጥቶ ቁጥሩን ይሰቅላል፤ በሩቅ ያለው በመነጽር አይቶ ያንኑ ቁጥር በራሱ መጽሐፍ ይፈልጋል። መጽሐፉም በሌሎች ቋንቋዎች ስለ ወጣ፥ አንዱ የሌላውን ቋንቋ ሳያውቅ ይግባባ ጀመር። በትርጕም ሥራ የሚኖር ሰው ይህን ሲያይ መደነቁ አይቀርም፤ ተርጓሚው አንድ ጊዜ በጽሕፈት ጠረጴዛው ላይ ከደከመ በኋላ በባሕር ላይ አስተርጓሚ አያስፈልግምና። ነገር ግን በጠረጴዛው ላይ አንድ ቃል ቢሳሳት፥ ስሕተቱ በየተራዳው ላይ ይሰቀላል።

ባለ መርከቡና የዋስትና ሰጪውም ጥቅም ትልቅ ነበረ፤ መርከቡ ቁጥሩን ሰቅሎ በባሕር ዳር ጣቢያ ፊት ሲያልፍ ደኅንነቱ ወደብ ሳይደርስ ይታወቃልና። በ1857 የእንግሊዝ መንግሥት 18 ባንዴራዎች ያሉት አዲስ መጽሐፍ አወጣ፤ በዚህ ጊዜ ቁጥሩ ቀርቶ ፊደል ሆነ። ሳይታሰብ የማይገባ ቃል እንዳይወጣ አናባቢ ፊደላት ተተዉ። በ1965 ተቀባይነት አግኝቶ በ1969 ሥራ ላይ የዋለው መጽሐፍ ግን 26 የፊደል ባንዴራዎች አሉት።

ማሪያት በ1821 በሴንት ሄሌና ደሴት የናፖሊዮንን አስከሬን በሥዕል አስቀርቷል፤ በ1824 እና በ1825 በበርማ ጦርነት ተዋግቷል። በ1830 አገልግሎቱን ትቶ ስለ ባሕር ኑሮ ልብ ወለድ ወደ መጻፍ አተኰረ፤ በዚህም ይበልጥ ታወቀ። በ1833 የፈረንሣይ ንጉሥ ሉዊ ፊሊፕ ስለ ምልክት መጽሐፉ የሌዢዮን ዶነር ኒሻን ሰጠው። የገዛ ንጉሡ ዊሊያም አራተኛ ግን ኒሻኑን እንዲያደርግ አልፈቀደለትም ይባላል። ምክንያቱ ማሪያት በ1822 ሰዎችን በግድ ይዞ ለባሕር ኃይል ማሰለፍን ነቅፎ መጻፉ ነው። የባዕድ መንግሥት ላከበረው ሥራ በአገሩ ቅያሜ ማግኘቱ ያሳዝናል።

በዲሴምበር 1847 አቬንጀር የተባለው የእንግሊዝ የጦር መርከብ በቱኒዚያ ባሕር ዳር አጠገብ በሌሊት ከዓለት ጋር ተጋጨ። ባንዴራ በጨለማ አይታይም፤ የዳኑትም ጥቂቶች ብቻ ነበሩ። ከሞቱት መኮንኖች አንዱ ስሙን የወረሰው የማሪያት ልጅ፥ ሌተናንት ፍሬድሪክ ነበረ። አባቱ ይህን መርዶ የሰማው ራሱ ታሞ ሳለ ነው። በኦገስት 9 ቀን 1848፥ በ56 ዓመቱ፥ በኖርፎክ ክፍል ላንግሃም በተባለ መንደር ሞተ፤ በዚያም ተቀበረ።