ፍሬድሪክ ፍሮቤልና የሕፃናት መጫወቻ

መጫወቻ የሕፃን ማባበያ ብቻ ሳይሆን የትምህርት መሣሪያም መሆኑን በሥርዓት አደራጅተው ለመምህራን ካስረከቡ ሰዎች መካከል ግንባር ቀደሙ ጀርመናዊው ፍሬድሪክ ፍሮቤል ነው። በኢትዮጵያ መዋዕለ ሕፃናት የሚባለው ተቋም በብዙው ዓለም የሚጠራው ይህ ሰው ባወጣለት ስም ነው። ይሁን እንጂ ስሙ ከሥራው ይልቅ ገንኖ ስለ ቀረ፣ መጫወቻን በምን መመዘኛ ይመርጥ እንደ ነበረ ሕይወቱን ተከትሎ መመልከት ለሙያው ባልደረቦች ይበጃል።

ፍሮቤል እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 21 ቀን 1782 በቱሪንጊያ ደን ውስጥ በምትገኘው ኦበርቫይስባኽ ከአንድ የሉተራን ቄስ ቤት ተወለደ። ገና ዓመት ሳይሞላው እናቱ ሞተችበት። አባቱ በሰበካው ሥራ የተጠመደ ነበር፤ እንጀራ እናቱም የራስዋን ልጅ ከወለደች በኋላ ፊትዋን አዞረችበት። ስለዚህ ልጅነቱን በአብዛኛው ያሳለፈው ብቻውን፣ ከቤቱ የአትክልት ቦታና ከደኑ ጋር ነበር። በ10 ዓመቱ አጎቱ ወደ ሽታትኢልም ወስዶ ሲያሳድገው ግን የጨዋታ ጓደኞችንና የሚያምነውን ሰው አገኘ። ፍቅርና ጨዋታ የጎደለው ልጅ ምን እንደሚያጣ ያወቀው ከመጽሐፍ አልነበረም።

ሙያውን ያገኘው ብዙ ከተንከራተተ በኋላ ነው። በ15 ዓመቱ ለደን ሥራ ተለማማጅ ሆነ፤ በዬና ዩኒቨርሲቲ መማር ጀምሮም በዕዳ ምክንያት ለዘጠኝ ሳምንት ታሰረ። እ.ኤ.አ. በ1805 የሕንፃ ሥራ ለመማር ፍራንክፈርት ቢሄድም በአንድ ትምህርት ቤት እንዲያስተምር ተጋበዘና መምህርነቱን ወደደው። ከ1808 እስከ 1810 በስዊስ አገር ኢቨርዶን ከታወቀው መምህር ከፔስታሎትሲ ዘንድ ቆይቶ፣ ሕፃን ከቃል አስቀድሞ በስሜት ሕዋሳቱ እንደሚማር ተረዳ። በኋላም በበርሊን የማዕድን ሙዚየም ረዳት ሆኖ ሲሠራ የክሪስታሎችን ቅርጽ መረመረ። ኋላ ለልጆች የሠራቸው የእንጨት ቅርጾች ከዚህ ጥናቱ ጋር የጠበቀ ዝምድና አላቸው።

እ.ኤ.አ. በ1816 የራሱን ትምህርት ቤት ከፈተ፤ በማግሥቱ ዓመትም ወደ ካይልሃው አዛወረው። በ1826 ስለ ሰው ልጅ ትምህርት የጻፈውን ዋና መጽሐፉን አሳተመ። ቆይቶም በስዊስ አገር በቡርግዶርፍ የሙት ልጆች ማሳደጊያ ኃላፊ ሲሆን፣ ትምህርት ቤት የሚገቡት ልጆች ብዙው ነገር ካመለጣቸው በኋላ የሚመጡ መሆናቸውን አጥብቆ ተገነዘበ። እ.ኤ.አ. በ1837 ወደ ብላንከንቡርግ ተመልሶ ለትንንሽ ልጆች የጨዋታና የሥራ ማእከል አቋቋመ። በ1840 ለዚህ ዐይነቱ ተቋም ኪንደርጋርተን፣ ማለት የልጆች የአትክልት ሥፍራ፣ የሚል ስም ሰጠው።

በዚያ ያዘጋጃቸውን መጫወቻዎች ስጦታዎች ብሎ ጠራቸው። የመጀመሪያው ስጦታ ከሱፍ ክር የተሠሩ፣ በማንጠልጠያ የሚወዛወዙ ስድስት ባለ ልዩ ልዩ ቀለም ኳሶች ናቸው፤ ሕፃኑ መጨበጥን፣ መልቀቅን፣ ቀለም መለየትን፣ የሄደው ተመልሶ መምጣቱን ይማርባቸዋል። ሁለተኛው የእንጨት ሉል፣ ኩብና ሲሊንደር ነው፤ ሉሉ ይንከባለላል፣ ኩቡ ይቆማል፣ ሲሊንደሩ ሁለቱንም ያደርጋል። ሦስተኛው በስምንት ትንንሽ ኩቦች የተከፈለ አንድ ኩብ ነው፤ ልጁ ሙሉውን ይፈታል፣ መልሶም ይገጥማል። የሚከተሉት ስጦታዎች ክፍሎቹን እያበዙና ቅርጻቸውን እየለወጡ ይሄዳሉ።

ልጁ በእነዚህ ሦስት ዐይነት ነገር እንዲሠራ ይጠበቅ ነበር፦ ከኑሮ የሚያውቃቸውን እንደ ቤትና ወንበር ያሉትን፣ ግማሽንና ሩብን የሚያሳዩ የዕውቀት ቅርጾችን፣ እንዲሁም ዐይንን ደስ የሚያሰኙ የውበት ቅርጾችን። ከጨዋታው ፍጻሜም ኩቦቹ በሥርዓት ወደ ሣጥናቸው ይመለሱ ነበር። እንግዲህ የፍሮቤል መመዘኛ ግልጽ ነው፦ መጫወቻው ቀላል ይሁን፤ ከሚታወቀው ወደማይታወቀው ይምራ፤ ከሁሉም በላይ ለልጁ የሚሠራውን ነገር ይተውለት።

ፍሮቤል ሴቶችን ለዚህ ሙያ ማሠልጠኑ በዘመኑ አዲስ ነገር ነበር። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በኦገስት 1851 የፕሩስያ መንግሥት ኪንደርጋርተንን ሃይማኖት የለሽነትንና ሶሻሊዝምን ያስፋፋል ብሎ አገደ። ለእገዳው ምክንያት የሆነው በከፊል ከወንድሙ ልጅ ከካርል ፍሮቤል ጽሑፍ ጋር መምታታቱ ነበር። ስሕተቱን ቢያስረዳም ሰሚ አላገኘም፤ እ.ኤ.አ. ጁን 21 ቀን 1852 አረፈ። እገዳው የተነሣው በ1860 ነው። በሽቫይና በሚገኘው መቃብሩ ላይ ኩብ፣ ሲሊንደርና ሉል ተደራርበው ቆመዋል።

ከሞቱ በኋላ ሥራው በተማሪዎቹ አማካይነት እስከ አሜሪካ ደረሰ። አርክቴክቱ ፍራንክ ሎይድ ራይት በልጅነቱ እናቱ በገዛችለት የፍሮቤል ኩቦች መጫወቱን በሕይወት ታሪኩ መስክሯል። ሆኖም ብዙ ተከታዮች ስጦታዎቹን መምህርት ባዘዘችው ብቻ ወደሚደረደሩበት ልምምድ ለወጧቸው። አሜሪካዊቷ ፓቲ ስሚዝ ሂል ይህን ነቅፋ፣ ትንንሾቹ ኩቦች ለሕፃን ጣት የማይመቹ መሆናቸውን በማየት፣ ልጆች በመላ አካላቸው የሚገነቡባቸውን ትልልቅ እንጨቶች አዘጋጀች። መጫወቻው ያው ሆኖ አጠቃቀሙ ቢበላሽ ዓላማው እንደሚጠፋ ይህ ያስረዳል።

ጉዳዩ ለጎንደር መምህራንም የቅርብ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 የቅድመ ልጅነት ክብካቤና ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ ካወጣች ወዲህ ኦ ክፍል በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተስፋፍቷል፤ ክፍል ሲከፈት ግን መጫወቻ አብሮ ይመጣል ማለት አይደለም። በማራኪ ሠፈርም ሆነ በዳባትና በደባርቅ ደጋ ያለ መምህር ገበያ እስኪያቀርብለት መጠበቅ የለበትም። የጨርቅ ኳስ የመጀመሪያውን ስጦታ ሥራ ይሠራል። ከጎንደር አጠገብ ያለችው ወለቃ በሸክላ ሥራዋ የታወቀች ናት፤ ጭቃም በልጅ እጅ በሬም ጎጆም ይሆናል። አናጢ የጣለው ቁራጭ እንጨት ጫፉ ተልጎ ቢለሰልስ ኩብ ነው። ገበጣ መቁጠርንና ተራ መጠበቅን፣ ቅልብልቦሽ የዐይንና የእጅን መናበብ ያስተምራሉ። ጠጠሩ ግን ከሦስት ዓመት በታች ላለ ሕፃን ጉሮሮውን ሊዘጋ ስለሚችል አይሰጥም።

ፍሮቤል ያተረፈው ቅርስ በሣጥን ውስጥ ያለው እንጨት አይደለም፤ መጫወቻ ከመስጠት በፊት ልጁን የመመልከት ልማድ ነው። ይህ ልማድ ካለ የወንዝ ዳር ጭቃ ትምህርት ይሆናል፤ ከሌለ ግን በውድ ዋጋ የተገዛውም ዕቃ ከመደርደሪያ ጌጥነት አያልፍም።