እቴጌ ጣይቱ በሕሙሙ ንጉሥ አጠገብ

እቴጌ ጣይቱ ብጡል በልጅነታቸው ጎጃም፣ በደብረ መዊዕ፣ ፊደልና ግእዝ እንደ ተማሩ ይነገራል። በ1875 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክን በአንኮበር አገቡ። የአድዋውን ታሪካቸውን አንባቢ ስለሚያውቀው እናልፈዋለን።

ዛሬ ስትሮክ የምንለው ሕመም ንጉሡን ደጋግሞ መታቸው፤ በጥቅምት 1902 ዓ.ም. አንደበታቸውን ዘጋ። እቴጌይቱም በስማቸው ይሾሙና ይሽሩ ጀመር። መኳንንቱ ቃሉ የማን እንደ ሆነ ተጠራጠሩ። ጥርጣሬው ከሥልጣን ፉክክር የጸዳ አልነበረም፤ ጥያቄው ግን እውነተኛ ነው። ስትሮክ ማስታወስንም ሊወስድ ይችላልና፣ የመርሳት ሕመም ያደረባቸውን አባት በሚያስታምም ቤት ሁሉ፣ በአማኑኤልም ሆነ በሞጣ፣ ይነሣል፤ ስለ ሕሙሙ የሚናገር ሰው የሕሙሙን ፈቃድ ከራሱ ፈቃድ በምን ይለየዋል? አስቀድሞ ሕሙሙን ራሳቸውን በመጠየቅ ነው እንላለን። ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ በስማቸው ጠርቶ፣ በአንድ ጊዜ አንድ አጭር ነገር ብቻ ጠይቆ፣ ዐይናቸውንና እጃቸውን እያዩ መታገሥ ይገባል። ቀን ወይም ስም ቢሳሳቱ ማረም አያስፈልግም። ልጆች በፊታቸው እንደሌሉ ቆጥረው ስለ እርሳቸው ሲነጋገሩ ግን ይጎዳሉ።

በመጋቢት 1902 ዓ.ም. መኳንንቱ እቴጌይቱን ከመንግሥት ሥራ አግደው፣ ባለቤታቸውን እንዲያስታምሙ ብቻ ፈቀዱላቸው። ለእነርሱ ይህ ቅጣት ነበረ፤ እኛ ግን ከዘመናቸው ሁሉ ይህን ክፍል እናስበልጣለን። ሥልጣን በሌለበት፣ ምላሽ ከማይሰጡ ንጉሥ አጠገብ፣ ከሦስት ዓመት ተኩል በላይ ቆዩ።

ዐፄ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። እቴጌይቱ ወደ እንጦጦ ማርያም ተላኩ፤ በየካቲት 1910 ዓ.ም. በዚያው ዐረፉ። በኋላም ዐጽማቸው በበዓታ ለማርያም ከባለቤታቸው አጠገብ ተቀመጠ።