ብሩስ ማክላረንና ለገበያ ያልበቃችው መኪና

በዓለም የመኪና ውድድር ስሙ ዛሬም ድረስ የሚጠራው ብሩስ ማክላረን እ.ኤ.አ. በ1937 በኒውዚላንድ ኦክላንድ ከተማ ተወለደ። አባቱ የነዳጅ ማደያና የጋራዥ ባለቤት ስለነበሩ ከመኪና ጋር የተዋወቀው ገና በልጅነቱ ነው። በ9 ዓመቱ በያዘው የዳሌ አጥንት ሕመም ምክንያት ሁለት ዓመት ያህል በሕክምና ተቋም ያሳለፈ ሲሆን፣ ግራ እግሩም ከቀኙ አጥሮ ቀርቷል።

ጉዳቱ ግን መሪ ከመጨበጥ አላገደውም። እ.ኤ.አ. በ1958 ወደ አውሮፓ ተሻግሮ በተከታዩ ዓመት የአሜሪካን ግራንድ ፕሪ በ22 ዓመቱ በማሸነፍ፣ እስከዚያ ድረስ ግራንድ ፕሪ ካሸነፉ ሁሉ በዕድሜ ትንሹ ለመሆን በቃ። እ.ኤ.አ. በ1963 በእንግሊዝ አገር የራሱን የውድድር ቡድን አቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1966 ከክሪስ ኤመን ጋር በፎርድ መኪና የለማንን የ24 ሰዓት ውድድር ያሸነፈ ሲሆን፣ ከሁለት ዓመት በኋላም የቤልጅየምን ግራንድ ፕሪ በራሱ ቡድን መኪና አሸንፏል።

ማክላረን ከዚህ ባሻገር የውድድር መኪናን ፍጥነት ለመደበኛ መንገድ የማብቃት ዓላማ ነበረው። ኤም 6 ጂቲ የተሰኘችው ባለጣሪያ መኪና በቅድሚያ የታሰበችው ለውድድር ቢሆንም፣ ደንቡ የሚጠይቀውን የምርት ብዛት ማሟላት ባለመቻሉ ዕቅዱ ተሰረዘ። እርሱ ግን በዚህ አልተገታም። ባለ ስምንት ሲሊንደር የሸቭሮሌት ሞተር የተገጠመላትን የሙከራ መኪና በሕዝብ መንገድ ላይ ራሱ እያሽከረከረ ጉድለቷን ይመረምር ነበር። በዓመት እስከ 250 መኪኖችን የማምረት ሐሳብም ነበረው።

ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. ሰኔ 2 ቀን 1970 በጉድውድ የመሮጫ ሥፍራ ሌላ የውድድር መኪና ሲሞክር የኋላ አካሏ በመገንጠሉ በደረሰ አደጋ በ32 ዓመቱ ሕይወቱ አለፈ። የመንገድ መኪናው ዕቅድም አብሮት ቆመ።

በአንጻሩ የሥራ ባልደረቦቹ የተደራጁበት የውድድር ቡድን አልተበተነም። አደጋው በደረሰ በ12ኛው ቀን በካናዳ ሞስፖርት ተወዳድሮ ያሸነፈ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት የካን-አም ሻምፒዮን ሆኗል። በማክላረን ስም የተሠራው ኤፍ 1 የተሰኘው የመንገድ መኪና እ.ኤ.አ. በ1992 ለሕዝብ ይፋ ሆነ።

በአንድ ሰው ትከሻ ላይ የነበረው ዕቅድ ከሰውየው ጋር ሲቀር፣ ተተኪ ያፈራው ተቋም ግን የመሥራቹን ውጥን ከ20 ዓመታት በኋላም ቢሆን ከዳር ለማድረስ በቅቷል።