የኪስ ሰዓትና ስም

አባቴ ያወረሱኝ የኪስ ሰዓት አለኝ። ባለፈው አንድ ነጋዴ አገላብጦ አየውና የሠሪ ስም ቢያጣበት እንደ ብር ጌጥ ሊመዝነው ፈለገ። ያን ጊዜ ነው አብርሃም ልዊ ብሬጌ ትዝ ያለኝ።

ብሬጌ እ.ኤ.አ. በ1747 ኑሻቴል ተወልዶ በ1775 ፓሪስ ላይ የሰዓት ሱቅ ከፈተ። ደንበኞቹ ነገሥታትና መኳንንት ነበሩ። አብዮቱ ሲመጣ ገበያው ተናጋ። በ1793 እሱ ከፈረንሳይ ሸሸ፤ ደንበኛው ንግሥት ማሪ አንቷኔትም በዚያው ዓመት በአደባባይ ተገደለች።

በ1795 ሲመለስ የድሮ ደንበኞቹ ተበታትነዋል። ታዲያ አልቅሶ አልተቀመጠም። አንድ ጠቋሚ ብቻ ያለው ቀለል ያለ ሰዓት አዘጋጀ፤ ገዥው ሩብ ዋጋውን በቅድሚያ ከፍሎ ያዛል። ሕግ ለተማርኩት ለእኔ ይህ በሻጩ ስም ላይ የቆመ ውል ነው። ስሙን የሚሰርቁ አስመሳዮች ሲበዙም በሰዓቱ ፊት ላይ በቀላሉ የማይታይ ፊርማ አኖረ። ሽያጩንም በመዝገብ አሰፈረ።

ብሬጌ በ1823 አረፈ። በ1783 ለንግሥቲቱ የታዘዘው ሰዓት ያለቀው በ1827 ነው፤ ንግሥቲቱም ሠሪውም አልቆ አላዩትም። ይኸው ሰዓት በ1983 ከኢየሩሳሌም ሙዚየም ተሰርቆ ከሃያ ዓመታት በላይ ቆይቶ ተመለሰ።

ዛሬ ሰዓት የምናየው በስልካችን ነው። የብሬጌን ሰዓት የሚሻ ሰብሳቢ ግን ከወርቁ በፊት ፊርማውንና መዝገቡን ያጣራል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚባለው ለካ ለገበያም ይሠራል። የእኔን ሰዓት የሠራው ባለሙያ ስሙን ቢጽፍበት ኖሮ ማን በሚዛን ይደራደረኝ ነበር?