ሐኪሙ የኢኮኖሚ ሊቅ፤ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ

የማኅበራችን አባላት ሆይ! ሕክምና አጥንቶ የሀገሩን በሽታ በኢኮኖሚዋ ውስጥ የመረመረ ተራማጅ ምሁር ነበረን። ገብረ ሕይወት እ.ኤ.አ. በ1886 አድዋ አጠገብ ተወለደ። በልጅነቱ ከምጽዋ በመርከብ አውሮፓ ገባ፤ በርሊን ሕክምና አጠና። ተመልሶ በምኒልክ ቤተ መንግሥት አገለገለ፤ ኋላም የድሬዳዋ ጉምሩክ ኃላፊ ሆነ። ጥሬ ዕቃ ሰጥቶ የፋብሪካ ዕቃ የሚቀበል ሕዝብ ብዙ ድካሙን በጥቂቱ እንደሚለውጥ፣ መውጫውም ዕውቀትና የተስተካከለ ግብር እንደሆነ ጽፎ አስረዳ። በ1919 በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ዕድሜው ሞተ። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የታተመው ከሞተ በኋላ በ1924 ነው።

እኛም በሻርጃና በዐጅማን ሕክምና የምንማር፣ ጥሬውን የተላከ ቡናችን ዱባይ ላይ ተቆልቶ ሲሸጥ ስናይ እናስታውሰዋለን። ድህነት ያሳመመውን ሕዝብ በመድኃኒት ብቻ ማዳን አይቻልምና፣ ኢኮኖሚውንም እናጥና!