ኢብን ሲና እና የመድኃኒት ልክ

አቡ ዐሊ ኢብን ሲና በ370 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 980) በቡኻራ አቅራቢያ ተወለዱ። «አል-ቃኑን» በተሰኘው የሕክምና መጽሐፋቸው ሽንት የሚመረመርበትን ሥርዓት ደነገጉ፤ በጠራ ዕቃ እንዲያዝ፣ ሕመምተኛውም አስቀድሞ እንደ ዘዕፈራን ያለ ቀለም የሚለውጥ ነገር እንዳይበላ አዘዙ። የመድኃኒት ኃይል በሰው አካል ላይ ተደጋግሞ መፈተን እንዳለበትም አስተማሩ።

በዕድሜያቸው ማብቂያ ብርቱ የሆድ ቁርጠት ያዛቸው። ነፋሱን እንዲያበርድ፣ በሽንት አውራጅነቱ የሚታወቀው የከረፍስ ዘር 2 ዳኒቅ ያህል በአንጀት ማጠቢያው መድኃኒት እንዲጨመር አዘዙ። ያክማቸው የነበረ ሐኪም ግን 5 ዲርሃም ጨመረ፤ ይህም የታዘዘው 15 እጥፍ ነው። የአንጀታቸው ቁስል ባሰ። ስሕተት ይሁን ተንኮል፣ ተማሪያቸው አል-ጁዝጃኒም አላወቀም።

ሰደቃ ሰጥተው፣ ባሮቻቸውን ነፃ አውጥተው፣ ቁርኣን እየቀሩ ቆዩ። በ428 ዓመተ ሂጅራ በረመዳን ወር በሐመዳን ወደ አኼራ ተሻገሩ። አላህ ይዘንላቸው።