እንጦጦ ላይ ስለ እቴጌ ጣይቱ የምንናገረው

እንጦጦ ማርያም አጠገብ ያለውን አሮጌ ቤተ መንግሥት ለማየት የሚመጡ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት ስለ ንጉሡ ነው። አፄ ምኒልክ የት ይተኙ ነበር፣ ግብር የሚያበሉት በየትኛው አዳራሽ ነው፣ ዘውድ የጫኑት የት ነው ይላሉ። እኛ የማኅበሩ አባላት ቅዳሜና እሑድ በተራ እየወጣን በትርፍ ጊዜያችን ስናስጎበኝ ይህን ሁሉ እንመልሳለን። ነገር ግን ንጉሡ ይህን ቤት ትተው ወደ ታች ወርደዋል። ተመልሰው መጥተው የመጨረሻ ዘመናቸውን የኖሩበትና ያረፉበት እቴጌ ጣይቱ ናቸው። ስለዚህ የእሳቸውን ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳንናገር ጎብኚ አናሰናብትም።

ጣይቱ ብጡል የተወለዱት በ1840ዎቹ በጎንደር አገር ነው። አባታቸው ራስ ብጡል ኃይለ ማርያም ከሰሜን መሳፍንት ወገን ናቸው፤ የደጃዝማች ውቤም ዘመድ ናቸው። ያን ጊዜ ለሴት ልጅ ብዙም ያልተለመደውን ትምህርት አግኝተው ማንበብና መጻፍ ያውቁ ነበር። በልጅነታቸው ተድረው፣ ከአንድም ሁለት ሦስት ጊዜ ትዳር ፈርሶባቸው ነው በ1875 ዓ.ም. በፋሲካ አንኮበር ላይ የሸዋውን ንጉሥ ምኒልክን ያገቡት። ዕድሜያቸው ሠላሳ አልፎ ነበር። ልጅ አልወለዱም፣ ከዚያ በኋላም አልወለዱም። ይህን የምናነሣው ኋላ ስለሚያስፈልገን ነው።

እንጦጦ ነፋሱ አጥንት ይሰብራል። ቤቱን ያየ ሰው የሚገረመው በግዝፈቱ ሳይሆን በቀላልነቱ ነው፤ በኖራ የተለሰነ ግድግዳ፣ ሣር ክዳን፣ እንጨትና ጭቃ። የማርያም ቤተ ክርስቲያን ተሠርቶ በ1880 ዓ.ም. ሲመረቅ ለቀናት የቆየውን ድግስ ያሰናዱት እቴጌዪቱ ናቸው። ከጎንደርም ከሸዋም የመጣው የወጥ ዓይነት፣ የጠጁና የእንጀራው ብዛት በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ እስከ ዛሬ ይነሣል። እኛ በሙያችን የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንን ስለ ድግሱ ስናወራ የሚታየን ወጪው ነው። ማሩ ከየት ገባ፣ በሬው በማን እጅ ተቆጠረ፣ እንጨቱን ማን አቀረበ? ባልትና ተብሎ የሚታለፈው ነገር የሺህ ሰው ስንቅ ማስተዳደር ነበር። ጦር ሲዘምትም ያው ችሎታ ነው የወጣው።

ንጉሡ ወደ ሐረር ዘምተው ሳለ እቴጌ ፍልውኃ ወርደው ሰነበቱ። ሜዳው ሞቃት፣ ውኃው ፈዋሽ ሆኖ አገኙትና ቤት አሠሩ፤ ስፍራውንም አዲስ አበባ አሉት። ጊዜው 1879 ዓ.ም. ነው። ከተራራው ለመውረድ አንዱ ምክንያት ብርዱ ሲሆን ሌላው የማገዶ ማለቅ ነበር። ዛሬ እንጦጦን የሸፈነው ባሕር ዛፍ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጎብኚዎቻችን ወደ ላይ ሲወጡ እንጨት በጀርባቸው አዝለው፣ ጎንበስ ብለው የሚወርዱ እናቶችን መንገድ ላይ ያገኛሉ። ከእነሱ መካከል የማኅበራችን አባላት የነበሩም አሉ።

የዘውዱን ነገር ባጭሩ እንለፈው። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. እዚሁ እንጦጦ ማርያም ነገሡ፤ ጣይቱም በሁለተኛው ቀን እቴጌ ተባሉ። ከጥቂት ወራት በፊት የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ በጣልያንኛው ሌላ፣ በአማርኛው ሌላ መሆኑ ሲታወቅ ከማንም በላይ አጥብቀው የተቃወሙት እሳቸው ነበሩ። ጎብኚ ሁሉ ይህን ያውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው የመቀሌውን ነው። ጣልያኖች እንዳ ኢየሱስ ላይ ጠንካራ ምሽግ ሠርተው ሲቀመጡ ምሽጉን በመድፍና በሰው ብዛት መስበር ብዙ ሕይወት አስከፈለ። እቴጌ ግን ምሽጉ ውኃ የሚቀዳው ከውጭ መሆኑን ተረድተው ምንጩ እንዲያዝ አደረጉ፤ ምንጩን የያዙትም የራሳቸው ሰዎች ነበሩ። ውኃ የጠማው ጦር ጥር 1888 ዓ.ም. ምሽጉን ለቆ ወጣ። የካቲት 23 ቀን ዓድዋ ላይ ደግሞ የራሳቸውን ጦር ይዘው ተሰለፉ፤ ሴቶቹን ውኃ በእንስራ አስይዘው ለተዋጊውና ለቁስለኛው አዳረሱ። ቤት ውስጥ ውኃ የሚቀዳ ሰው ውኃ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ያውቃል።

ከጦርነቱ በኋላ የመጣው የውጭ አገር ሰው ማደሪያ አልነበረውም። ፒያሳ አጠገብ በ1900 ዓ.ም. የተከፈተው እቴጌ ሆቴል በእሳቸው የበላይነት ይሠራ ነበር። በ2007 ዓ.ም. እሳት ጎድቶታል፤ ስማቸው ግን እስከ ዛሬ አለበት።

ንጉሡ በሕመም ሲደክሙ የመንግሥቱ ሥራ በእቴጌ እጅ ገባ። ሹመት ሰጡ፣ ሻሩ። የሸዋ መኳንንት ይህን አልወደዱም፤ ሥልጣኑ ወደ ሰሜን ዘመዶቻቸው እንዳይሄድ ፈሩ። መጋቢት 1902 ዓ.ም. ተሰብስበው ከመንግሥት ሥራ እንዲወጡና ባላቸውን ብቻ እንዲያስታምሙ ወሰኑባቸው። አስታመሙ። ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ያህል መናገር የተሳናቸውን ሰው ከአጠገባቸው ሳይርቁ አስታመሙ። ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ከታችኛው ቤተ መንግሥት እንዲወጡ ተደረገና ወደዚህ አሮጌ ቤት መጡ።

እዚህ ላይ ስንደርስ የማኅበራችን ሴቶች ዝም ይላሉ። ከመካከላችን ባሏን ለዓመታት አስታማ፣ አርባው ሳይወጣ በባሏ ዘመዶች ቤቱን ልቀቂ የተባለች አንድ ሁለት አይደለችም። በቁጠባ መዝገባችን ለጠበቃና ለፍርድ ቤት ተብሎ የወጣውን ብድር የምንጽፈው እኛ ስለሆንን እናውቀዋለን። አንዲት እናት እቴጌም የተባረሩት ልጅ ስላልነበራቸው ነው ወይ ብለው ጠይቀውን ነበር። ልጅ ቢኖራቸው ኖሮ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር ብለን እናምናለን፤ የልጅ ልጅ የሆኑት ልጅ ኢያሱ አልጋ ወራሽ የተባሉት ንጉሡ ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው ነውና። ይሁን እንጂ ዋናው የመኳንንቱ ፍርሃት ነው። የንጉሥ ሚስትም ብትሆን የምትቆመው በባሏ ጤና ላይ ነበር።

አንዳንድ ባልደረቦቻችን ይህ ክፍል ለጎብኚ ያሳዝናል፣ በዓድዋ እንጨርሰው ይላሉ። እኛ አልተስማማንም። ቤቱ የድሉን ዘመን ብቻ አላየም። በዚህ ቤት እቴጌ ከአራት ዓመት በላይ ኖረዋል፤ የሠሩት ቤተ ክርስቲያን በደጃቸው ነበር፤ የመሠረቱትን ከተማ ከኮረብታው ላይ ሆነው ቁልቁል ያዩት ነበር። የእንጀራ ልጃቸው ዘውዲቱ የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም. ንግሥተ ነገሥታት ተብለው ዘውድ ሲጫኑ እሳቸው እዚሁ ነበሩ። በ1910 ዓ.ም. መጀመሪያ አገሬ ጎንደር ገብቼ ልሙት ብለው ፈቃድ ቢጠይቁም ተከለከሉ። የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ከዘውዲቱ የንግሥ በዓል ልክ በዓመቱ።

መቃብራቸውን የሚጠይቁን ጎብኚዎች ብዙ ናቸው። እንጦጦ ላይ አይደለም። ከባላቸው ጎን በታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ገዳም ነው፤ ወደ አራት ኪሎ ወርዶ፣ ከታችኛው ቤተ መንግሥት አጠገብ።